ጾም የሰው ነው፤ ልክ ግን ለሁሉም ነው

በለቡ መብራት ኃይል ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ስለ ግቢ ጠባቂ ውሾች አያያዝ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ርእስ በእንዲህ ያለ ጉባኤ ከተለመዱት ለየት ያለ ነው። ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ቁጠባ ብዙ ጊዜ ተወያይተናል። ዛሬ የምናነሣው ግን ቀን ቀን ከበሩ ሥር ተጋድሞ ስለሚውለው፣ ሌሊት ሌሊት ስለሚጠብቀን እንስሳ፣ በተለይም ከልክ በላይ ስለ ወፈረው ውሻ ነው። ርእሱን ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ እንደምትኖሩ እንገምታለን፤ ፈገግታው አይከፋም። ነገሩ ግን ቁም ነገር አለው።

እንደ ለቡ መብራት ኃይል ባሉ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች አጥር ያላቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ግቢዎች ውሻ ከጥበቃ ሠራተኛው ጋር የሌሊቱን ሥራ ይካፈላል። ውሻ ከቤተ መቅደሱ ደጅ እንዲርቅ የቆየ ሥርዓት ቢኖረንም፣ ከቅጽሩ ውጭ ያለውን መጋዘን፣ የችግኝ ጣቢያና የሚከራይ ሱቅ የሚጠብቅ ውሻ ያላቸው አጥቢያዎችም አይጠፉም። ይህ ውሻ ቀኑን ታስሮ ይውላል፤ ከማዕድ የተረፈው ሁሉ ይሰጠዋል፤ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ወገቡ ይጠፋል፣ ደረጃ መውጣት ይከብደዋል፣ ጥቂት ሮጦ ያለከልካል። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይደርስበታል። ወይ «ተመችቶታል» ተብሎ ይተዋል፤ ወይም «መክሳት አለበት» ተብሎ ምግቡ በአንድ ጊዜ ይቋረጥበታል። ሁለቱም መንገዶች እንስሳውን ይጎዳሉ።

የዛሬው መልእክታችን በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጾም የሰው ነው፤ የሚጾም ሰው ስለ ምን እንደሚጾም ያውቃል፣ በፈቃዱ ይጀምራል፣ የሚፈታበትንም ቀን ይቆጥራል። ውሻ ግን ለምን እንደ ተከለከለ አያውቅም፤ ለእርሱ የሚቀርለት ረሃቡ ብቻ ነው። ስለዚህ የወፈረውን ውሻ ልናስርበው አይገባንም፤ ልኩን ልንሰጠው ግን ይገባናል። ምግቡን አስተውለን ከመረጥንለትና በሥርዓት ካቀረብንለት ውሻ በረሃብ ሳይሠቃይ ሊከሳ ይችላል። እንዴት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ እናያለን።

አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ

«ሰው በሚራብበት አገር ስለ ውሻ ውፍረት መነጋገር ይገባልን?» ብሎ የሚጠይቅ ወገን ይኖራል። ይህን የሚጠይቅ ሰው ልበ ርኅሩኅ ነውና ጥያቄውን በአክብሮት እንቀበለዋለን። መልሳችንም ሁለት ወገን አለው።

አንደኛው፣ ከልክ በላይ ለውሻ የሚሰጥ ምግብ ለማንም የማይጠቅም ብክነት ነው። የበላውን ያሳምመዋል፤ ከሥጋ ቤት የተገዛበትም ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። ስለ ልክ ስንናገር ስለ ቁጠባም እየተናገርን ነው፤ በልክ የሚበላ ውሻ በብዙው ቤት ወጪን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሁለተኛው፣ ርኅራኄ ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ መንገድ ሲሄድ ውሻው ተከትሎታል። በወንጌል ደግሞ በባለጠጋው ደጅ የወደቀውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ነበሩ፤ ድሃውን ያላየው ባለጠጋው ነበር። ድሃውም እንስሳውም በአንድ ደጅ ይገኛሉ። አንዱን መርዳታችን ሌላውን ለመርሳት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ በደጁ ላይ ያለውን ማየት የለመደ ሰው ግን ሁለቱንም ያያል።

ውፍረቱ ከየት ይመጣል?

ብዙዎቻችን የውሻን ውፍረት የምቾት ምልክት አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን ውሻ የሚወፍረው ከሚያቃጥለው በላይ ኃይል ሰጪ ምግብ ስለሚያገኝ ነው። በእኛ ቤቶች ደግሞ የውሻው ማዕድ የሚመራው በእኛ የቀን መቁጠሪያ ነው። በጾም ወራት እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦና የሽሮ ትርፍራፊ ይሰጠዋል፤ እነዚህ ሆድን ለጊዜው ሞልተው ቶሎ የሚያልፉ፣ ፕሮቲናቸው ለውሻ የማይበቃ፣ ብዙ ጊዜም ዘይት የበዛባቸው ናቸው። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ አጥንት፣ ጮማ፣ ሞራና የሆድ ዕቃ በአንድ ጊዜ ይዘረገፍለታል። በተለይ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ውሻው ሳምንቱን ሙሉ ከሥጋ ማዕድ ትራፊ አይለይም።

የጾማችን ሥርዓት ከደጃችን ውጭ ያሉ እንስሳትን ሳይቀር እንደሚነካ በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በሰሜን ኢትዮጵያ የጅቦችን ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ፀጉር መርምረዋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከሥጋ ቤትና ከየቤቱ የሚጣለው ትራፊ ሲቀንስ፣ ጅቦቹ አህያ ወደ ማደን አዘንብለው ተገኝተዋል፤ ጾሙ ሲፈታም ይህ ቀንሷል። ከዱር የሚመጣው ጅብ ይህን ያህል ከተከተለን፣ በሰንሰለት ታስሮ ከእጃችን ብቻ የሚበላው ውሻ ምን ያህል እንደሚከተለን መገመት አያስቸግርም።

ሌላው ምክንያት የእጆች መብዛት ነው። የቤት እመቤቷ ጧት ትሰጠዋለች፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ብስኩት ይጥሉለታል፤ የጥበቃ ሠራተኛው ከእራቱ ያካፍለዋል፤ እንግዳም በበዓል ቀን አጥንት ይወረውርለታል። እያንዳንዱ ጥቂት እንደ ሰጠ ያስባል፤ ድምሩን የሚያውቅ ግን የለም። ስብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች የሚሰጠው 4 ገደማ ነው። ስለዚህ 100 ግራም ሞራ ብቻውን ከ800 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይይዛል። ይህ፣ ኋላ እንደምናየው፣ ክብደት መቀነስ ላለበት ትልቅ ውሻ የአንድ ሙሉ ቀን ምግብ ነው። አንዲት ጭብጥ ሞራ ተወርውራለት የውሻው ቀን አብቅቷል ማለት ነው፤ እርሱ ግን ገና አልጠገበም።

እነዚህም ላይ የሰውነት ጠባይ ይጨመራል። የተኮላሸ ወንድ ውሻም ሆነ እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ውሻ የሚያስፈልጋቸው ምግብ ይቀንሳል፤ የመብላት ፍላጎታቸው ግን ይጨምራል። በዘሩም ረሃብ የሚበረታበት ውሻ አለ። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ ላብራዶር ከሚባሉት ውሾች ከአራቱ አንዱ ገደማ የጥጋብን ስሜት የሚያዛባ የዘር ለውጥ ይዞ ይወለዳል። እንዲህ ያለውን ውሻ «ሆዳም» ብሎ መቆጣት ፍርድ ማጓደል ነው።

መወፈሩን በምን እናውቃለን?

ለዚህ ሚዛን ከመፈለግ በፊት እጃችን ይበቃናል። ሁለቱን እጆች በውሻው ጎድን ላይ በቀስታ እናሳርፍ። ከዚያም የራሳችንን እጅ እንዳስስ። ጎድኑ የተዘረጋ እጃችንን ጀርባ ስንዳስስ እንደምናገኘው አጥንት፣ በስሱ ተሸፍኖ የሚታወቅ ከሆነ ውሻው ደኅና ነው። የጨበጥነው እጅ ጉብታ እንደሚታወቀው ጎልቶ ከተገኘ ከስቷል። የውስጥ መዳፋችንን እንደ መዳሰስ ሆኖ አጥንቱን ለማግኘት መጫን ካስፈለገ ግን ወፍሯል። ከዚያ በኋላ ከበላዩ ቆመን እንመልከት፤ ከጎድኑ በስተኋላ ወገቡ ገባ ማለት አለበት። ከጎኑም ሆነን ስናይ ሆዱ ወደ ኋላ እግሮቹ ሲደርስ ከፍ ማለት ይገባዋል። ፀጉረ ብዙ ውሻን ዓይን ያታልላልና ለዚህ ዳሰሳ ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የተነፋ ሆድ ሁሉ ውፍረት አይደለም። የሆድ ትል፣ እርግዝና፣ በሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ወይም የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም ወፍራም ሊያስመስሉ ወይም ሊያወፍሩ ይችላሉ። ስለዚህ ምግብ ከመቀነሱ አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል። በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ቢወስድ አንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ይፈጽማል።

ውፍረት ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት በአሜሪካ የተደረገውን ረጅም ጥናት መጥቀስ ይጠቅማል። 48 የላብራዶር ቡችሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ከየጥንዱ አንዱ ከሌላው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ እየተሰጠው ዕድሜ ልካቸውን ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። በልክ የተመገቡት ከባልንጀሮቻቸው በአማካይ ወደ 2 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይበልጥ ኖሩ፤ የመገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ ያዛቸው። ለጥበቃ በብዛት በሚመረጠው በጀርመን ሼፐርድና በዲቃሎቹ ላይ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የታወቀ ስለሆነ፣ ትርፍ ክብደት ለእነዚህ ውሾች የየዕለት ሕመም ነው። ጠባቂው ውሻ ቢታመም አጥሩም ጠባቂ ያጣል።

ማስራብ ለምን መፍትሔ አይሆንም?

ውሻው መወፈሩ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ያንኑ ምግብ በግማሽ መቀነስ ነው። ይህ ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ያው እንጀራና ያው ትርፍራፊ በግማሽ ሲቀንስ ፕሮቲኑና ማዕድኑም በግማሽ ይቀንሳል፤ ውሻው ከስብ ይልቅ ጡንቻውን ያጣል። ሁለተኛ፣ የተራበ ውሻ ጠባዩ ይለወጣል፤ ይሰርቃል፣ ምግብ ይዞ የቀረበውን ልጅ ይናከሳል፣ ሌሊቱን በልመና ሲጮኽ ያድራል። ሦስተኛ፣ አጥር ዘሎ ወይም ሥር ቆፍሮ ይወጣል። ከወጣ በኋላ የቆሻሻ መጣያ ይገለብጣል፣ ከባዘኑ ውሾች ጋር ይነካከሳል፣ ከእነርሱም የእብድ ውሻ በሽታን ሊያመጣ ይችላል። በአንድ ግቢ የተጀመረ የምግብ ክልከላ የሰፈር አደጋ ሆኖ ያልቃል። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ፤ በቤቱ ያልበላ ውሻ ደግሞ ለሌላ ደጅ መጮኹ አይቀርም።

ልኩን መወሰን

ልኩ የሚሰላው ውሻው አሁን ባለው ክብደት አይደለም፤ ሊኖረው በሚገባው ክብደት ነው። ምሳሌ እንውሰድ። 32 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በሐኪም ግምት 25 ኪሎ ሊሆን ይገባዋል እንበል። በስልካችን ማስሊያ 25ን በራሱ ሦስት ጊዜ እናባዛ፤ ይኸውም 25 ሲባዛ 25 ሲባዛ 25 ማለት ነው፤ 15,625 ይመጣል። የዚህን ስኩዌር ሩት ሁለት ጊዜ ደጋግመን እንውሰድ፤ መጀመሪያ 125፣ ቀጥሎ 11.18 ይሆናል። ይህን በ70 ስናባዛ 780 ኪሎ ካሎሪ ገደማ እናገኛለን። ክብደት ለመቀነስ በቀን የሚሰጠው ምግብ መነሻ ይህ ነው፤ ሐኪሙ እንደ ውሻው ሁኔታ ያስተካክለዋል። ከዚህም ውስጥ ለማባበያና ለሽልማት የሚውለው ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ክብደቱ በሳምንት ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ቢቀንስ መልካም ነው። ለ32 ኪሎው ውሻ ይህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ320 እስከ 640 ግራም ማለት ነው፤ ሙሉው ጉዞም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሊወስድ ይችላል። ከዚህ የፈጠነ ጡንቻን ይጎዳል፣ ረሃብንም ያበረታል። ለመመዘን አንድ ሰው ውሻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ቀጥሎ ብቻውን ይመዘን፤ ልዩነቱ የውሻው ክብደት ነው። ለመታቀፍ የሚከብድ ከሆነ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገቡን በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ቦታ መለካትና መጻፍ ይበቃል።

ሳይራብ እንዲጠግብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ውሻ የሚጠግበው በካሎሪ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በምግቡ ይዘት፣ በፕሮቲኑ፣ በአሠሩና ለመብላት በሚወስደው ጊዜም ይጠግባል። ስለዚህ ካሎሪውን እየቀነስን እነዚህን ማብዛት እንችላለን።

ሥጋ ቤቶች ለውሻ የሚሸጡትን እናስብ። ሞራና ጮማ አለ፤ ሳንባም አለ። 100 ግራም ሳንባ 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲይዝ ስቡ ጥቂት፣ ፕሮቲኑ ብዙ ነው። በ100 ግራም ሞራ ውስጥ ያለውን ኃይል ለማግኘት ውሻው ከ800 ግራም ያላነሰ ሳንባ መብላት አለበት። አንዱ በአንድ ጉርሻ ያልቃል፤ ሌላው ሆድ ይሞላል። ምርጫችን ወደየት ሊሆን እንደሚገባ ከዚህ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሳንባም ሆነ ጉበት በጥሬው ፈጽሞ አይሰጥም። በበግ፣ በከብትና በፍየል ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት የትል እጭ የያዘ ነው፤ ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፣ እንቁላሉም ከኩሱ ወደ ልጆች እጅ ይደርሳል። ከረጢት የታየበትን ማስወገድ፣ የቀረውንም ቆራርጦ በደንብ መቀቀል ግዴታ ነው።

በዚህ ላይ አትክልት ይጨመር። ዱባ፣ ካሮት፣ ፎሶሊያና ጥቅል ጎመን ያለ ጨውና ያለ ዘይት ተቀቅለው ከሥጋው ጋር ሲደባለቁ ሳህኑን ይሞላሉ፣ ካሎሪ ግን ብዙም አይጨምሩም፤ 100 ግራም የተቀቀለ ዱባ 20 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። በመስፈሪያ ሲታሰብ ግማሹ ስብ የሌለበት የተቀቀለ ሥጋ ወይም ሳንባ፣ ሲሶው አትክልት፣ የቀረው ጥቂት እህል ቢሆን መልካም ጅምር ነው። በቤት የሚዘጋጅ ምግብ ግን ለወራት ሲቀጥል ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናት ስለሚጎድሉት፣ የሚጨመረውን ከሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። የተዘጋጀ የውሻ ምግብ መግዛት የሚችል ቤት ክብደት ለመቀነስ የተሠራውን መርጦ በግራም እየመዘነ ይስጥ። ወደ አዲሱ ምግብ ስንሸጋገርም ሆዱ እንዳይታወክ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን።

አቀራረቡም እንደ ምግቡ ይጠቅማል። የቀኑ ድርሻ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ተከፍሎ በተወሰነ ሰዓት ይሰጥ። ሰዓቱን ያወቀ ውሻ ቀኑን ሙሉ አይለምንም። ለትልልቅ ውሾች ምግብን መከፋፈል ሌላም ጥቅም አለው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ የበላ ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ሊጠማዘዝና ሊሞት ይችላል። ከምሽቱ ድርሻ የተወሰነውን ለጥበቃ ሠራተኛው ማቆየት ይበጃል፤ እርሱም ከእራቱ ማካፈሉን ትቶ ከተመደበው ይሰጠዋል፤ ወዳጅነታቸውም አይቋረጥም።

ፈጥኖ የሚውጥ ውሻ ሳይጠግብ ሳህኑ ባዶ ይሆንበታል። ስለዚህ ምግቡን በሰፊ ትሪ ላይ መበተን፣ ደረቅ ምግብ ከሆነ በንጹሕ ሣር ላይ ዘርቶ በአፍንጫው እንዲፈልገው ማድረግ፣ ወይም ሊውጠው የማይችል ትልቅ ንጹሕ ድንጋይ በሳህኑ መካከል አስቀምጦ ዙሪያውን እንዲለቅም ማድረግ ይቻላል። በአንድ ደቂቃ ያልቅ የነበረው ምግብ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ንጹሕ ውኃም ከአጠገቡ ሊለይ አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዓይኑን መቋቋም ነው። ውሻ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲመለከተን ልባችን ይርዳል። ይሁንና ልመና ሁሉ ረሃብ አይደለም። አንድ ጊዜ በልመና ያገኘ ውሻ ለምኖ ማግኘትን ተምሯል፤ ብዙ ጊዜም የሚፈልገው ምግብ ሳይሆን ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ እንስሳ የሚያውቀው ደስታ የሳህኑ መምጣት ብቻ ስለሆነ በእርሱ ላይ ይንጠለጠላል። በለመነን ጊዜ ከሰንሰለቱ ፈተን ጥቂት ብናንቀሳቅሰው፣ ብናሻሸው፣ ኳስ ብንወረውርለት ልመናው ይረሳል። እንቅስቃሴው ክትባት ለወሰደ ውሻ ጧትና ማታ በማሰሪያ ተይዞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በመራመድ ይጀምር፤ ክብደቱ ሲቀንስ ይጨመር። በቀትር ፀሐይና በልቶ እንዳበቃ ወፍራም ውሻን ማስሮጥ አይገባም።

በጾምና በፋሲካ

ይህን ሁሉ የሰማ ጿሚ ቤተሰብ «በዐቢይ ጾም ሳንባ እንዴት እናበስላለን?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለውሻው የተለየ ድስትና የተለየ ማማሰያ ይኑር፤ ምግቡም ከማድ ቤት ውጭ ይብሰል። ሕሊናው የሚከብደው ሰው ቢኖር ከንስሓ አባቱ ጋር ይመካከር። ሥጋ ቤቶች የሚዘጉበትን ጊዜ አስቀድሞ በማሰብ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት በየቀኑ ድርሻ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይችላል።

ከጾም ማዕድም ለውሻ የሚሆን ይገኛል፤ በደንብ የበሰለ ምስርና ክክ ሥጋውን በሙሉ ባይተካም በከፊል ያግዛል፣ ሆድም ያጠግባል። ዋናው ነገር የውሻው ድርሻ ወደ ቁሌቱ ከመግባቱ በፊት ተቀንሶ መቀመጡ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ስለዚህ የሽሮና የወጥ ትርፍራፊ ለውሻ የሚሆን አይደለም። ወይን፣ ዘቢብና ቸኮሌትም እንዲሁ የተከለከሉ ናቸው። የሻገተ ዳቦና ድርቆሽ ጉበትን ስለሚመርዝ «ለውሻ ይሁን» ተብሎ መቀመጥ የለበትም፤ ለእኛ መርዝ የሆነው ለእርሱም መርዝ ነው።

በትንሣኤ ሌሊት ደግሞ ተቃራኒው አደጋ አለ። 55 ቀን ስብ ያልቀመሰ ውሻ በአንድ ቀን ጮማና ሞራ ሲዘረገፍለት ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፤ ይህም ማስመለስና ብርቱ የሆድ ሕመም ያመጣል፣ እስከ ሞት ሊያደርስም ይችላል። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ውሻውም በበዓሉ ደስ ይበለው የምንል ከሆነ ጥቂት ስብ የሌለበት ቅቅል ሥጋ ከዕለቱ ድርሻው ላይ ቀንሰን እንስጠው፤ ለእርሱ በዓሉ ያ ነው።

ሰበካ ጉባኤያት ምን ያድርጉ?

የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤ ከዚህ ጉባኤ ይዘን ብንመለስ የምንላቸው አራት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ለአጥቢያው ጠባቂ ውሻ አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ ምግብ በእርሱ እጅ ወይም በእርሱ እውቀት ብቻ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ አንድ መስፈሪያ ኩባያ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የቀኑ ልክም በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፤ የሰጠ ሁሉ ምልክት ያድርግ። ሦስተኛ፣ ክብደቱ ወይም የወገቡ ልክ በየሁለት ሳምንቱ ይመዝገብ፤ በአንድ ወር ውስጥ ለውጥ ካልታየ ሐኪም ይጠየቅ እንጂ ምግቡ በግምት አይቆረጥ። አራተኛ፣ ለክትባት፣ ለትል መድኃኒትና ለምግብ የሚሆን ገንዘብ በዓመቱ በጀት ይያዝ፤ ያለ በጀት የሚጠብቀን ውሻ ዕዳው በጥበቃ ሠራተኛው እራት ላይ ይወድቃልና።

የጥበቃ ሠራተኞቻችንንና የቤት ሠራተኞቻችንን ስለዚህ ጉዳይ ስናነጋግር በወቀሳ አይሁን። ብዙ ጊዜ ውሻውን ያወፈረው ፍቅር ነው። ከጥቂት እራቱ ቆርሶ ለውሻ የሚሰጥ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ፍቅሩ ልክ እንዲይዝ ደግሞ መስፈሪያው ያግዘዋል።

እኛ በየዓመቱ ብዙ ቀን እንጾማለን፤ የመብልን ልክ ከማንም ይልቅ ማወቅ የሚገባን እኛ ነን። የጾም ትምህርት በማዕዳችን ላይ ብቻ ቀርቶ በእጃችን ላይ ካልታየ፣ እጃችን በበዓል ቀን ያለ ልክ ይወረውራል፣ በማግስቱ ያለ ልክ ይከለክላል። ልክን ለማያውቅ እንስሳ ልክ ሆነን ልንቆምለት ይገባናል። ከጥቂት ወራት በኋላ በየግቢያችሁ በር ሥር ተጋድሞ ያለከልክ የነበረው ውሻ ቀለል ብሎ ሲነሣና አጥሩን ሲዞር ብታዩት፣ በጎረቤት ላለው አጥቢያም እንዴት እንደ ተሠራ ንገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።